የአግዳሚው ተራ

ምግብ ቤቴ ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። ከወጥ ቤቱ በር ይጀምርና ግድግዳውን ተከትሎ ሄዶ ሄዶ የመንገዱ በር ላይ ያበቃል። የሠራልኝ የመናዊ አናጺ ነው። ጣውላው ከወደብ የወጣ የዕቃ መደገፊያ ስለነበር ቀጥ ያለ ነው ብዬ አልምልም። ያለነው ከጅቡቲ ከተማ መውጫ ላይ፣ ፒኬ ዱዝ ከሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ነው። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ተሳቢያቸውን አቁመው ጭነት የሚጠብቁ የአገሬ ሹፌሮች ናቸው።

አቀማመጡ ሥርዓት አለው። እኔ አላወጣሁትም፤ ማን እንዳወጣውም የሚያውቅ የለም። አዲስ የገባ ሹፌር ወጥ ቤቱ ጫፍ ይቀመጣል። የመንገዱ በር ጋ ያለው ጭነት ሲያገኝ ተነሥቶ ይሄዳል፤ የቀሩት ሳህናቸውንና ብርጭቋቸውን እየያዙ አንድ አንድ ቦታ ወደ በሩ ይጠጋሉ። ተራ ማለት ይኸው ነው። ወረቀት የለው፣ ጠባቂ የለው። ሹፌሮች በሌላው ነገር ሁሉ ይጨቃጨቃሉ፤ በመንገዱ፣ በጎማው፣ በኳሱ፣ በፓስታው ጨው። በአግዳሚው ተራ ግን ሲጣሉ አይቼ አላውቅም።

እኔ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ሰው ቤት ልሠራ ነው። ጋቦዴ በሚባል ሰፈር አንድ ቤተሰብ ጋ እያደርኩ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ፈረንሳይኛ ለምጃለሁ፤ ሶማልኛም ከገበያ ለቅሜአለሁ፤ ከሁሉ በላይ የተማርኩት ግን ቆሞ መዋልን ነው። እመቤቲቱ ተቀምጬ ካየችኝ ሥራ ያለቀ ይመስላት ነበር። የራሴን ቤት ከከፈትኩ በኋላም ልማዱ አልለቀቀኝም። ደንበኛ እያለ አግዳሚዬ ላይ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ኋላ ግን ምሰሶ ነች ብለው ተዉኝ።

በዚያን ጊዜ ጭነት የሚመጣው በደላላው በኩል ነበር። ደላላው ከአግዳሚው ውጪ፣ በሩ ጋ የራሱ የፕላስቲክ ወንበር ነበረው። ሁለት ስልክ ይይዛል፤ አንደኛው ሲጠራ ሁለተኛውን አይቶ ፊቱን ይከሰክሳል። ሥራው የትኛው ጭነት የት እንዳለ ማወቅ ነበር። ያወቀውን ቶሎ አለመናገር ደግሞ የሥራው ዋና ክፍል ነበር። ማዳበሪያ የጫነ መርከብ መልሕቅ ጥሎ፣ ክሬኑ ሥራ ጀምሮ፣ ወደቡ ውስጥ የሚያስነጥሰው ሁሉ እያስነጠሰ እሱ ገና «እስቲ እንይ» ይላል። ሹፌሮቹ ያያሉ። እያዩ ይበላሉ። ምሳ በልተው ሻይ ይጠጣሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይተኛሉ፣ ተነሥተው እራት ይጠይቃሉ። እኔም ደስ ብሎኝ እቀቅላለሁ። በምግብ ሥራ ላይ የተሰማራሁ ይመስለኝ ነበር።

ከሹፌሮቹ አንዱ ዝምተኛ ነበር። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ጸጉሩ ግን ቀድሞኝ ሸብቷል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ይህንንም የሰማሁት ከሌሎቹ እንጂ ከእሱ አይደለም። እሱ ሲገባ «ሰላም ዋልሽ» ይላል፤ ሲወጣ «ሰላም ሁኚ» ይላል፤ መካከል ላይ ያለው ጊዜ የሌሎቹ ነው። እንደ ደንቡ ወጥ ቤቱ ጫፍ ይቀመጥና ተራው እየተጠጋ ወደ በሩ ይሄዳል። በሩ ጋ ሲደርስ ግን አጠገቡ ላለው «እለፍ» ይለውና ሳህኑን ይዞ ተመልሶ ወጥ ቤቱ ጫፍ ይቀመጣል።

መጀመሪያ መኪናው የተበላሸ መሰለኝ። ቀጥሎ ሰነፍ ነው አልኩ። አጠገቤ ጫት የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤት አለችኝ፤ አማርኛዋን የተማረችው ከሹፌሮች ስለሆነ ግማሹ ለሕፃን ጆሮ አይሆንም። የሰውዬው ነገር ግራ እንደገባኝ ስነግራት፣ የሷ ዕቃ ከሰዓት ካለፈ እንደሚጠወልግ፣ ስለዚህ የሚቸኩል ሰውና የማይቸኩል ሰው ከሩቅ እንደምትለይ ነገረችኝ። ይህኛው አይቸኩልም። ወጥ ቤቱ ጫፍ የሚመለሰውም ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለችውን ለማየት ነው አለች። ዞር በይ አልኳት። ሥራዬን ቀጠልኩ። ያን ቀን ወጡን ሁለቴ ጨው ጨመርኩበት፤ ሹፌሮቹም የሚጨቃጨቁበት አገኙ።

ከዚያ በኋላ ማየት ጀመርኩ። ወጥ ቤቱ ጫፍ ሲቀመጥ እጁ ሥራ ይፈታል መሰለኝ፣ የሽንኩርቱን ሳፋ ወደሱ ይስበውና መላጥ ይጀምራል። ጥሩ አድርጎ ነው የሚልጠው፤ ልጣጩን አይበታትንም። አንዳንድ ጊዜ ቀና ይልና «አንድ ነገር…» ይላል። ቀና ብዬ እጠብቃለሁ። ዓይኑ በሽንኩርቱ እያለቀሰ ትንሽ ይቆይና «ኋላ» ብሎ አንገቱን ይደፋል። በባሕርዬ ትዕግሥት የለኝም። ውኃ እስኪፈላ መጠበቅ ያናድደኛል። እሱን ግን ጠበቅኩት፤ ልቤ ወዶታል፣ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም። ለምን ራሴ እንዳልተናገርኩ ጎረቤቴ ደጋግማ ጠይቃኛለች። ሰው ቤት ውስጥ የኖረ አንደበት ሳይጠየቅ መናገር አልለመደም። ደግሞም ጊዜ ያለን ይመስለኝ ነበር። ደላላው እስካለ ድረስ ጊዜ ሞልቷል።

አፑ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ኩባንያ ነው የሠራው። ጭነት ያለው ሰው ጭነቱን ያስገባል፣ ሹፌር ስልኩ ላይ ያየዋል፣ «ተቀበል» የሚለውን ይነካል፣ አለቀ። በመካከል ደላላ የለም፣ «እስቲ እንይ» የለም። ማስታወቂያውን ፒኬ ዱዝ ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ሹፌሮቹ እየተሰበሰቡ ሲያነቡት ሰነበቱ። ችግሩ፣ የአገር ቤቱ ሲም ድንበሩን ሲሻገር ይሞታል። ጅቡቲ የገባ ሹፌር ስልኩ ሙዚቃ ማጫወቻና መስተዋት ነው። ቤተሰቡ ሲፈልገው የሚደውለው ለእኔ ነው፤ የመኪናው ባለቤት ሲቆጣ የሚቆጣው እኔን ነው። ስለዚህ አፑ «ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ» ሲላቸው ሁሉም የእኔን አስገቡ። ሌላ ቁጥር ማስገባት እንደሚቻል ያሰበ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም። አፑ የተጫነውም የእኔ ስልክ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጭነት የመጣ ጊዜ ምሳ ሰዓት ነበር። ስልኬ እንደ እንቁራሪት ጮኸ። ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ነገር እየተበላ ያልቃል። በሩ ጋ ተራው የደረሰው ሹፌር ፓስታ በእንጀራ እየበላ እጁ እስከ አንጓው ወጥ ነክቶታል። እጁን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ወደኔ ዞረ። «ንኪልኝ» አለኝ። በሽርጤ ጣቴን ጠርጌ ነካሁለት። ተነሥቶ ሄደ፤ የቀሩት ሳህናቸውን ይዘው ተጠጉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። ስልኩ ይጮሃል፣ ከመንገዱ በር በኩል «ንኪልኝ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ እነካለሁ። የሰሌዳ ቁጥር ሲጠይቀኝ ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ጮክ ብለው ይመልሳሉ። አፑ ስለ አግዳሚው አያውቅም፤ አግዳሚውም ስለ አፑ አያውቅም፤ እኔ በመካከል ቆሜ አስማማቸዋለሁ። ደላላው ለጥቂት ጊዜ ሻዩ እየቀዘቀዘ ሲያየን ቆየና አንድ ቀን ወንበሩን አጥፎ ሄደ። በኋላ ለአንድ ችግር የኩባንያው የእርዳታ መስመር ላይ ስደውል ድምፁን አወቅኩት። ቀጥረውታል። «እስቲ እንይ» አለኝ።

እንዲህ እያለ ወራት እንዳለፉ፣ ስልኬ ላይ የእንኳን ደስ አለዎት መልእክት መጣ። የመስመሩ ምርጥ አሽከርካሪ ሆኜ ተመርጫለሁ፤ የኩባንያው ሰዎች በአካል መጥተው ሊሸልሙኝ ነው። መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ማንበቡን ሳልጨርስ አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። ዝምተኛው ሹፌር ብቻ አልሳቀም፤ ሽንኩርቱን አስቀምጦ «ይገባሻል» አለኝ። እሱ እንደዋዛ የሚናገር ሰው አይደለም።

የመጡት ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፤ ላፕቶፕ የያዙ፣ ሙቀቱ ፊታቸውን ያቀላው። እንደገቡ ነፋስ ፍለጋ በሩ ጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ቤቱ በሙሉ መብላት አቆመ። አጠገባቸው ያለው ሹፌር ተራው የተወሰደበት ሰው ቢሆንም ጨዋ ነበርና፣ ምን ሊጭኑ እንደመጡ በትሕትና ጠየቃቸው። ልጁ ሶፍትዌር አለ። ሹፌሩ በተሳቢ ነው በኮንቴይነር ብሎ ጠየቀው።

ምርጡን አሽከርካሪ ፈልገው እንደመጡ ነገሩኝ። እኔ ነኝ መሰለኝ አልኳቸው። ልጁ ላፕቶፑን ከፈተና ይህ አሽከርካሪ ሞጆ እያራገፈ በዚያው ሰዓት ጅቡቲ ሲጭን እንደሚታይ፣ እንቅልፍ እንደሌለው፣ ቢሮ ውስጥ ስለሱ ብዙ ክርክር እንደነበረ አስረዳኝ። አንዳንዶቹ ማጭበርበር ነው ብለዋል፤ እሱ ግን የአገራችን ሹፌር ጽናት ነው ብሎ ተከራክሯል። ይህን ሲናገር አንጀቴን በላው። ሽልማቱን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ጃኬት ነው። ወፍራም፣ ውስጡ የበግ ጸጉር የመሰለ ገበር ያለው። ጅቡቲ፣ በሐምሌ። አመስግኜ ወጥ ቤቱ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ የጭሱ ሽታም አልለቀቀውም።

ልጅቱ ግን ብዙ አልተናገረችም። እዚያው ማየት እንደምትፈልግ ነግራኝ ከተራው ወጥታ ጥግ ቆመች። ስልኩ ሲጮህ አየች፤ «ንኪልኝ» ሲሉ ሰማች፤ እኔ ጣቴን ስጠርግ፣ አንዱ ሲወጣ፣ ሌሎቹ ሳህናቸውን ይዘው ሲንቀሳቀሱ አየች። ያ ዝምተኛ ሹፌር በሩ ጋ ደርሶ ሲመለስም አየች፤ እሱን ትንሽ ረዘም አድርጋ ነው ያየችው። ከዚያ ወረቀት አውጥታ ሳጥን ሳጥን ሣለች። ቢዝነስ ሞዴል ይባላል አለችኝ፤ ማን ለማን ምን እንደሚሰጥ፣ ማን ለምን እንደሚከፍል በአንድ ገጽ የሚታይበት ሥዕል ነው። የነሱ ሥዕል ላይ ከወዲህ ጭነት ነበር፣ ከወዲያ ሹፌር፣ በመካከል አፑ። አሁን በአፑና በሹፌሩ መካከል አንድ ሳጥን መጨመር ሊኖርባት ነው። ሳጥኑ እኔ ነኝ። ደሞዝ የሌለኝ ሳጥን ነኝ አለች፣ እሷም አፍራ።

የእኔንም ሣለችልኝ። ሽንኩርቱን፣ ኪራዩን፣ ሹፌሩን፣ አግዳሚውን ሁሉ አስገባች። የምሸጠው ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ምግብ አልኳት፤ ሌላ ምን ይሆናል? እርሳሱን አስቀመጠች።

«አይቀየሙኝና፣ የሚሸጡት ምግብ አይመስለኝም» አለች። «እርስዎ መጠበቅን ነው የሚሸጡት። እኛ ደግሞ አለመጠበቅን።»

ስድብ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር፤ የጫት ሻጯ ጎረቤቴ ያስተማረችኝ ሞልቷል። ይህ ግን እውነት ነበር። በየጊዜው «ንኪልኝ» ሲሉኝ እየነካሁ የላክሁት የራሴን እራት በይ ነበር። አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው ሰው ከቀድሞው እያነሰ መምጣቱን አይቼ በሙቀቱ አመካኝቼ ነበር። ልጅቱ ፊቴን አይታ ወረቀቱን አጠፈችና ይህን ሁሉ እንደምታስተካክል፣ እኔም እንደማልጎዳ ቃል ገባችልኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እንዳለችውም አደረገች። ችግሩ እሱ ነው።

አዲሱ አፕ ሲመጣ እያንዳንዱ ሹፌር በራሱ ቁጥር ሆነ። የጅቡቲ ሲም ይገዛል፤ ወደ አገር ሲመለስ እኔ ጋ ያስቀምጠዋል፤ ሲመጣ ይወስዳል። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማኖራቸው፤ እያንዳንዱ በሰሌዳ ቁጥሩ በተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ። ለዚህም ኩባንያው ወኪል አድርጎ ይከፍለኛል፤ አሁን ደሞዝ ያለው ሳጥን ነኝ። ተራውን ግን ከአግዳሚው ወሰዱት። ጭነቱን ለማን እንደሚሰጥ አፑ ራሱ ያውቃል፤ ቅርብ ለሆነው፣ ፈጣን ለሆነው፣ እምቢ ለማይለው። በሩ ጋ ያለው ተቀምጦ ወጥ ቤቱ ጫፍ ያለው ይጠራል። ሹፌሮቹ መጀመሪያ አኮረፉ፤ ተጠርቶ የሚወጣው የተቀመጡትን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ ነበር የሚያልፈው። ኋላ ለመዱት። አሁን ደስ ያለው ደስ ባለው ቦታ ይቀመጣል፤ እንዲያውም ብዙዎቹ አይቀመጡም።

የልጅቱ ሥዕል አእምሮዬ ውስጥ ስለቀረ እኔም ሥራዬን እንደገና ሣልኩት። የወኪል ስልኬ ላይ ማን ጋላፊ ድንበር ደርሶ እየመጣ እንደሆነ ይታየኛል። ስለዚህ ትልቁን ድስት ጥጄ ሰው መጠበቁን ትቼ ለሚመጣው ልክ መሥራት ጀመርኩ። ጋቢና ውስጥ ሆነው ለሚበሉት በባለ ክዳን ዕቃ አሽጌ በመስኮት አቀብላለሁ። በእጅ እየበሉ ስልክ መንካት ስለማይቻል ማንኪያ አብሬ እሰጣለሁ። ገበያው አልከፋም፤ እንዲያውም የሚደፋ ምግብ ቀረልኝ። ጎረቤቴ አንቺም እንደኔ ሆንሽ፣ አንቺም የሚቸኩል ሰው አገኘሽ አለችኝ። ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። ቤቱ ግን ጭር አለ። የማንንም ቦታ ላለመያዝ የምጠነቀቅበትን አግዳሚ ባዶውን እወለውለው ጀመር።

ዝምተኛው ሹፌር መግባቱን አላቆመም። እሱ በመስኮት አይቀበልም። ገብቶ ወጥ ቤቱ ጫፍ ይቀመጣል፣ ምሳውን ይበላል፣ የሽንኩርቱን ሳፋ ይስባል። «አንድ ነገር…» ከማለቱ በፊት ስልኩ ይጮሃል። ቀድሞ «እለፍ» ይል የነበረው ሰው አሁን የሚያሳልፈው ሰው የለውም፤ ጭነቱ የመጣው ለሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ግማሹ የተላጠ ሽንኩርት ሳፋው ውስጥ ጥሎ ሄደ። ያን ሽንኩርት ይዤ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሰውዬውን ከእጄ የምትነጥቀው ያቺ የማትከፋ ልጅ ናት፤ እኔም ወኪሏ ነኝ።

እምቢ ማለት አይችልም ወይ ብዬ የእርዳታ መስመሩ ላይ ደውዬ ነበር፤ ስለ ራሴ ጉዳይ እንዳይመስል ሳል እየሳልኩ። ደላላው አነሣው። ይችላል አለ፤ አፑ ምክንያት ይጠይቀዋል፤ ሲደጋግም ግን ስሙ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጭነትም አይጠራውም። ደግሞ የመኪናው ባለቤት እምቢታውን በየጊዜው ስልኩ ላይ ያያል። መኪናው የዝምተኛው ሹፌር እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ የሚኖር ቁጡ ሰው ነው፤ ከሲሙ በፊት ሲቆጣ የነበረው እኔን ስለሆነ አውቀዋለሁ። ዝምተኛው አንዴ እምቢ ብሎ መኪናውን ሊቀሙት ምንም አልቀረም ነበር። ይህን የነገረኝ ደላላው ነው፤ ስለ ማን እንደምጠይቅ ገብቶታል። መቼ እንደነበረ ስጠይቀው የአገር ቤት የበዓል ሰሞን አለኝ። ያን ሰሞን አስታወስኩት፤ ጠዋት ገብቶ እስከ ማታ ወጥ ቤቱ ጫፍ ተቀምጦ፣ ያለኝን ሽንኩርት በሙሉ ልጦ ጨርሶ፣ «ሰላም ሁኚ» ብሎ የሄደ ዕለት ነው። እኔ በዓሉን የሚያስብ መስሎኝ ነበር።

ደላላው መስመሩን ከመዝጋቱ በፊት፣ ይህ ሰውዬ ሁለተኛ እምቢ ቢል ሥራውን እንደሚያጣ እንድነግረው አሳሰበኝ። አልነገርኩትም። እሱ እንደሚያውቅ አውቄአለሁ።

የመጣው አንድ ዓርብ ነው፤ ምሳ ሰዓት፣ ጫት የጫነው መኪና ገብቶ መንገዱ ሁሉ ወደ ጎረቤቴ የተደፋበት ሰዓት። እኔ ቤት ሌላ ሰው አልነበረም። ፓስታውን አቀረብኩለት። በላ። ተነሥቶ እጁን ታጠበ፣ በፎጣው ጥሩ አድርጎ አደረቀ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሳፋውን አልሳበም። እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የኔን ቆሞ መዋል ያይ ጀመር።

ስልኩ ጮኸ። ክቡ መበላት ጀመረ። ሲሚንቶ ነው፣ ጥሩ ጭነት፣ ለቅርብ መንገድ። ስልኩን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ እኔ ቆሜ ያለሁበት ድረስ አመጣው።

«ንኪልኝ» አለ።

እጅህ ንጹሕ ነው አልኩት። እጁን ገልብጦ አየው፤ እውነቴን እንደሆነ አየ።

«አልቀበልም የሚለውን» አለ።

የመኪናውን ባለቤት አሰብኩ፣ መኪናውን አሰብኩ፣ ከዚህ በኋላ በምን እንደሚመጣ አሰብኩ። ይህን ሁሉ እሱም እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታያል። ነካሁት። አፑ ወዲያው ምክንያት ጠየቀ፤ ብልሽት፣ ሕመም፣ ዋጋ፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ነካሁ። አሁን ደግሞ በጽሑፍ እንድገልጽ ባዶ ቦታ ከፈተልኝ። ምን ብዬ ልጻፍልህ አልኩት።

ውጪ ሰዎች በጫት ዋጋ ይጨቃጨቃሉ።

«ሰው እያነጋገርኩ ነው ብለሽ ጻፊ» አለ።

እንዳለኝ ጻፍኩና ላክሁት። ስልኩን ዘግቼ የወተት ቆርቆሮው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሽርጤን ፈታሁና አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩና ያን «አንድ ነገር» እስኪጀምር ጠበቅኩት።